የወይዘሮ ፈትለወርቅ ኑዛዜ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሣ። ከወገዳ ወዲህ፣ ዳገቱን ሲወጡ በስተግራ የሚታየው ትልቅ ግቢ የቀኛዝማች መልአኩ ነበረ። ቀኛዝማች ከሕግ ሚስታቸው አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ፈትለወርቅን። በዚያው ዓመት ደግሞ ነጋዴ ከሩቅ አምጥቶ የሸጠላቸው ባሪያቸው ቦጋለች ጥሩዬን ወለደች። አባቷ ማነው ብሎ የጠየቀ የለም። ምኑ ይጠየቃል! የቀኛዝማች ፍንጭት ጥርስ በሁለቱም ሕፃናት አፍ ብቅ ሲል አገር አይቶ አገር ዝም አለ። ቦጋለች ሁለቱንም አጠባች፤ የእመቤቷ ልጅ ስትጠግብ ነው ለራሷ ልጅ የሚደርሳት። ፈትለወርቅን በኋላ አገሩ ሁሉ አንቱ ይላት ነበር፤ እኛ ግን በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸውና ከጥሩዬ እኩል አድርገን «እሷ» እያልን እናውራት።

ከጣሊያን መውጣት ወዲህ ባርነት በአዋጅ ቀረ ተባለ። ቀረ እንግዲህ! ቦጋለች የምትሄድበት አገር አልነበራትምና እዚያው ስትፈጭ፣ ስታርም ኖራ ሞተች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከጌቶቿ መቃብር ርቃ ተቀበረች። ጥሩዬም የእናቷን ወፍጮ ተረከበች። ከዚያ ቤት የደረሳት ርስት እሱ ነው።

ርስት ማለት በዚያ አገር ዐጥንት ነው። ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ የሚያስረዳ የራሱን ያርሳል፤ የማይቆጥር የሰው ያርሳል። ጥሩዬ መቁጠሩን ታውቅበታለች። የወፍጮውን መጅ እየገፋች በልቧ ከአቅኚው አንሥታ አንድ በአንድ ታወርድና ቀኛዝማች መልአኩ ላይ ስትደርስ ምላሷን ትነክሳለች። ከእሳቸው ቀጥሎ የራሷን ስም የሚያስገባላት ሰው የለማ! ምኞቷ ይኼው ነበር፤ አንድ ቀን በሰው ፊት የአባቷ ልጅ መባል። ሞኝ አትበሏት። የተጠማ ነው ውሃ የሚያልመው።

ደርግ መጣና መሬት ለአራሹ ተባለ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1968፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ አስማረ ሊቀመንበር ሆነ። አስማረ የዚያን ቤት መሬት ምርቱን በእኩል እየተካፈለ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ጥሩዬን ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«ስሚኝ፣ ጥሩዬ። ሐሙስ መሬት ይደለደላል። በአዋጁ ገረድም ሎሌም ለብቻው ይደርሰዋል፤ ሴትም ብትሆን። ወይራ ሥርን ላንቺ ልናደርግ ተስማምተናል። መጥተሽ ‘ራሴን የቻልኩ ነኝ’ በይ፣ በቃ።»

ወይራ ሥር! ከግቢው ደጃፍ የሚጀምረው ጥቁር አፈር፤ ገብስ ቢሉት ገብስ፣ ባቄላ ቢሉት ባቄላ የማያሳፍር ማሳ። ቦጋለች ጎንበስ እንዳለች ያረጀችበት። ጥሩዬ እንስራዋን እንዳዘለች ዞራ ወደ ማሳው አየች።

ወሬ እግር አለው፤ ከእሷ ቀድሞ ግቢ ገባ። ፈትለወርቅ እልፍኝ አስጠራቻትና ከጎኗ መደብ ላይ አስቀመጠቻት። ዕድሜዋን ቆማ ያበላች ሴት፣ ያን ቀን ቁጭ ብላ ከአንድ ገበታ በላች። ጉርሻም ጎረሰች።

«እህቴ» አለቻት ፈትለወርቅ።

«እሜቴ፣ ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«እሜቴ አትበይኝ፤ እትዬ በይኝ። የአንድ አባት ልጆች አይደለን? አንድ ጡት አልጠባንም? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! መሬቱ በቤተሰብ ልክ ነው አሉ የሚሰጠው። ከእኔ ጋር ከተቆጠርሽ ወይራ ሥርን ማንም አይነካብን። ልጄ ታፈረ ከተማ ገብቷል፣ የእርሻ ነገር አይሆንለትም። ጡሪኝ፣ ቅበሪኝ። በኑዛዜዬ ቀን በነፍስ አባቴና በሽማግሌ ፊት የአባቴ ልጅ ብዬ አስጠራሻለሁ፤ ቤቱም ያንቺ፣ ማሳውም ያንቺ። አፈር ስሆን!»

ጥሩዬ የሰማችው አንዱን ቃል ብቻ ነው። እህቴ። እስከ ሐሙስ ድረስ እህል በአፏ አልዞረም።

ሐሙስ አገሩ ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አስማረ ተነሥቶ ጠራት። «ጥሩዬ! ራስሽን የቻልሽ ነሽ ወይስ የቤተሰብ አባል? የማን ልጅ ነሽ?»

ጥሩዬ ወደ ፈትለወርቅ ዞረች። ይኼኔ ፈትለወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች። «እህቴ ናት! የአባቴ የቀኛዝማች መልአኩ ልጅ ናት!»

ሕዝቡ ጉድ አለ። ቀኛዝማች ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ ልጅ ተወለደላቸው ብሎ የሳቀም ነበር። ጥሩዬ ግን እንባዋ በጉንጯ እየወረደ «አዎ፣ የቀኛዝማች መልአኩ ልጅ ነኝ። ከእህቴ ጋር ቁጠሩኝ» አለች። የእናቷን ስም አላነሣችም። ቦጋለች የሚለው ስም ያን ቀን ከአፏ ቢወጣ የተሰጣት ሁሉ የሚነጠቅ መስሏት ነበር።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለ አስማረ ወደ መሬት እያየ። ሰምታዋለች። አልከፋትም። ያን ቀን ምን ቢሏት የሚከፋት አልነበረም።

ወይራ ሥር ሳይነካ ለፈትለወርቅ ቤት ጸና። ጥቂት ወራት ጥሩዬ በሰው ፊት «እትዬ» ስትል፣ ፈትለወርቅም «እህቴ» ስትል ሰነበቱ። ከዚያ በኋላ «እህቴ» እየቀለለ፣ እየሳሳ መጣ። ታላላቅ ዘመድ ሲመጣ «ጥሩዬ፣ የእንግዳ እግር እጠቢ» ይባላል። «አቤት» ብላ ትነሣለች። ታፈረ ለመስቀል ከከተማ ሲመጣ መደብ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይዘረጋላታል፤ ልጅ ነው፣ አያውቅም ትላለች። ፈትለወርቅ ታማ ግማሽ አካሏ ሲከዳት ደግሞ የሚያነሣት፣ የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት፣ ሌሊት «ጥሩዬ!» ስትል «አቤት» የሚላት ጥሩዬ ሆነች። ክፉ ቃል ስትናገራት ሕመሙ ነው የሚያናግራት ትላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ጥሩዬ ግን የላሟን መልክ ሳይቀር ታውቀው ነበር። የኑዛዜው ቀን።

ቀኑም ደረሰ። በ1974 ጥር ላይ ፈትለወርቅ ነፍስ አባቷን አባ ገብረ ማርያምን ጥሩልኝ አለች። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ አስማረም ለምስክርነት መጣ፤ ታፈረ ከከተማ ደርሶ ራስጌዋ ቆመ። ጥሩዬ ያጠበችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ጠጉሯን ቅቤ አስነክታ ከምሰሶው ሥር ቆመች። ዛሬ ትጠራለች።

«አንዲት ላም ከነጥጃዋ ለቤተ ክርስቲያን» ብላ ጀመረች ፈትለወርቅ። «ጋቢዬ ለአባ። ቤቱና ከብቱ ለልጄ ለታፈረ። ወይራ ሥርም ከቤቱ አይለይ።»

አስማረ «መሬት እንኳ በኑዛዜ አይሰጥም፣ የማኅበሩ…» ብሎ ጀመረና ከታማሚ ጋር መከራከሩን ተወው። ጥሩዬ የሰማችውን አላመነችም። ቤቱ ለታፈረ? ይሁን፣ ወንድ ልጇ ነው። ማሳውም ይሁን። ስሙ ይበቃኛል አለች በልቧ። ስሙን ብቻ ትበለኝ።

«ጥሩዬ የት አለች?»

«አቤት፣ እትዬ! አለሁ!» ሮጣ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

ፈትለወርቅ ደኅናውን እጇን ራሷ ላይ ጫነችባት። «አባ፣ ይስሙልኝ። ጥሩዬ በደንብ አገልግላኛለች። እናቷን አባቴ በገንዘቡ ነው የገዛት። ዛሬ ግን ባሪያዬን ጥሩዬን ለነፍሴ ስል ነፃ አውጥቻታለሁ። ከእንግዲህ ልጄም ቢሆን ‘ባሪያዬ ነሽ’ እንዳይላት፣ ይገዝቱልኝ።»



«ኧረ ምን ጉድ ነው!» አለ አስማረ። «ባርነት በአዋጅ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ደግሞስ እርስዎ ራስዎ፣ ከዋርካው ሥር፣ እህቴ ናት ብለው የለም?»

«እሱማ ለመሬቱ ነው» አለች ፈትለወርቅ። ተንኮል እንኳ የለባትም፤ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እንደተጠየቀ ሰው ገርሟት ነው። «ይኼኛው ለነፍሴ ነው። በነፍስ አይዋሽም።»

«እሰይ፣ ደግ አደረጉ! ትልቅ ጽድቅ ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ። አባ ገብረ ማርያም ጥሩዬን አየት አድርገው ዓይናቸውን ወደ መስቀላቸው መለሱና «እግዚአብሔር ይቀበልልዎ» አሉ። ፈትለወርቅ በዚያ በፍንጭት ጥርሷ ፈገግ ብላ እንድትስመው እጇን ዘረጋችላት።

«ምነው፣ አትመርቂኝም?»

ጥሩዬ እጁን አልሳመችም። መሬቷን በአንድ ቃል ሸጣ ነበር፤ ቃሉ ደግሞ ውሸት ነበር፤ ይባስ ብሎ አሁን በሰው ፊት ባሪያ ሆና ባሪያነቷ ተማረላት። እናቷ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስሟን ያልጠራችላት እናቷ፣ ከአጥሩ ጥግ ሆና የምታያት መሰላት። አፈረች። ከሁሉ የባሰባት እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከአባና ከታፈረ ጋር እህል ሊቀምሱ ወደ አዳራሹ ወጡ። ጥሩዬና ፈትለወርቅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ጥሩዬ፣ ውሃ አጠጪኝ። ከዚያ አገላብጪኝ፤ ጎኔ ነደደ።»

ጥሩዬ ውሃውን በዋንጫ አመጣች፣ ራሷን ቀና አድርጋ ይዛ ቀስ ብላ አጠጣቻት፣ አፏንም ጠረገችላት። «ይኼን ውሃ ደግሞ እኔ ለነፍሴ ነው ያጠጣሁዎት፣ እሜቴ» አለቻት።

«እሜቴ? ምነው፣ ተቀየምሽ እንዴ?»

«ምን ያስቀይመኛል? ነፃ ወጣሁ እኮ።»

ዋንጫውን ቦታው አኖረች። አላገላበጠቻትም። ጓዳ ገብታ የእናቷን መጅ ከወፍጮው ላይ አንሥታ በአሮጌ ነጠላዋ ቋጠረችና ወጣች። ታፈረ በሩ ላይ ያዛት።

«ወዴት ነሽ? እማዬን ማን ያገላብጣት?»

«የጦረ ይወርሳል ሲባል ነበር የማውቀው። አንተ አስቀድመህ ወረስህ፤ እንግዲህ ጡር» አለችውና አልፋው ሄደች።

አስማረ ሳይበላ ወጥቶ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። «መሬት ስጠኝ» አለችው።

«ወይ ጥሩዬ! አሁን ምን መሬት አለ? ከገደሉ አፋፍ ካለችው ድንጋያማ ቁራጭ በቀር። ፍየልም አይጠግብባት።»

«እሷን ስጠኝ። ድንጋይ መልቀም አውቃለሁ።»

አስማረ ፊቷን አይቶ አልተከራከረም። «እሺ፣ ለማኅበሩ እነግራለሁ። ጥሩዬ… ጥሩዬ መልአኩ ልበል?»

«ጥሩዬ ቦጋለች በል።»

«በእናት ስም? እንዲህ ያለ ነገር እኮ ተለምዶ አያውቅም።»

«በነፍስ አይዋሽም ተብሏል። ቦጋለች በል።»

አስማረ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ይኼኔ ከእልፍኙ «ጥሩዬ! ኧረ ጥሩዬ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጥሩዬ ቋጠሮዋን አዘለችና ቁልቁል ወደ ገደሉ አፋፍ መንገድ ጀመረች። ድምፁ ደጋግሞ ጠራት። አቤት አላለችም።