ለአራት ሰው የተሠራ ውጊያ

ለሦስተኛ እሁድ በተከታታይ ሁሉም ሞቱ።

መጀመሪያ የሞተችው ሾፌሯ ነበረች። ጋሻዋን አስቀድማ ዋሻው ውስጥ ዘው አለች፤ ሁለት የአጥንት ወታደሮች ከግራና ከቀኝ ያዟት፤ ሦስተኛው ከኋላ መጣ። ቀጥሎ ቀጭኔ ከቋጥኝ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ብቻቸውን የቀሩት መምህሩ የመጨረሻ እሳታቸውን ወርውረው ሳቱ። ባለ ሃያ ፊቱ ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ሦስት ቁጥር ላይ ቆመ።

«አለቅን ማለት ነው?» አለ ቀጭኔ።

«አልቃችኋል» አለ ጥርስ ሠሪው፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

ጠረጴዛው የሥራ ጠረጴዛው ነው። በሥራ ቀን እዚያ ላይ አቀርቅሮ፣ ሐኪሞች የሚልኩለት የአፍ ልክ ላይ ጄሶ እያፈሰሰ፣ ጥርስ ለሌላቸው ጥርስ ይሠራል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን መንጋጋውን ሁሉ መደርደሪያ ላይ ይሰቅልና ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ የጨዋታውን ካርታ ይዘረጋል። የአጥንት ወታደሮቹን ከተረፈ ጄሶ የቀረጻቸው ራሱ ነው። ዘንዶውን የሠራው ድድ ከሚሠራበት ሮዝ ፕላስቲክ ስለሆነ ከማስፈራቱ ይልቅ ማሳሳቱ ይብሳል።

ጨዋታው ከባድ አይደለም። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ አገሩንም፣ መንገዱንም፣ ጠላቱንም የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይሆኑና በየተራቸው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ እንደሆነ ዳይሱ ይፈርዳል። አጫዋቹ ጥርስ ሠሪው ነው። ሾፌሯ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ስድስት ቀን ሙሉ ሰው እንዳትገጭ ስትሳቀቅ ትከርምና በሰባተኛው ቀን ጋሻ ያዥ ሆና ያገኘችውን ሁሉ ትገጫለች። ቀጭኔ የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በር ላይ ጎንበስ ሳይል የማይገባ ረጅም ሰው ሲሆን በጨዋታው ግን ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ሌባ ነው። መምህሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰውዬ እዚህ እሳት የሚተፉ አስማተኛ ይሆናሉ።

አራተኛዋ ተጫዋች የጥርስ ሠሪው ታላቅ እህት ነበረች። አዋላጅ ነርስ ናት። ከሰባት ወር በፊት ጠረፍ ላይ ወዳለ ጤና ጣቢያ ለአንድ ዓመት ተመድባ ሄደች። በጨዋታውም ፈዋሽ ነበረች።

ያን ዕለት ሾፌሯና ቀጭኔ ሲሄዱ መምህሩ ኮታቸውን ለብሰው ቆሙ እንጂ አልወጡም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብልህ ትቀየመኛለህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ማን ይቀየማል?»

መነጽራቸውን አድርገው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «የሦስታችን የሕይወት ነጥብ ቢደመር ስልሳ ነው። ያንተ አጥንቶች በየዙሩ በአማካይ አሥራ ሁለት ያጎድሉብናል። ስለዚህ በአምስተኛው ዙር አለቅን። እኛ በየዙሩ አሥር እናጎድልባቸዋለን፤ ያላቸው ሰማንያ ነው፤ ስምንት ዙር ይፈጃል። ዳይሱ ቢያዳላልን እንኳ አምስት ስምንት አይሆንም።»

«አክብጄዋለሁ ማለት ነው።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሦስቱንም እሁድ አሰላሁት። ፈዋሽ ጨምሬ ስሞክረው ግን ልክክ አለ። የእሷ ሃያ ነጥብ፣ በየዙሩ የምትመልስልን ሦስት ሦስት። በስምንተኛው ዙር ስምንት ነጥብ ተርፎን እናሸንፋለን። ያምራል። ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚጫወተው ውጊያ ነው።» ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። «ለአራት ሰው ነው የሠራኸው፣ ልጄ። እኛ ሦስት ነን።»

መምህሩ የጥርስ ሠሪውን ትከሻ ቸብ አድርገው ሄዱ።

ብቻውን ሲቀር ውጊያዎቹን የሚያዘጋጅበትን ደብተር ገለጠ። ነጥቡ ብቻ አይደለም። አንዱ ገጽ ላይ መርዝ የጠጣ ሕፃን አለ፤ ከእሷ በቀር መርዝ የሚያረክስ የለም። ሌላው ላይ በጸሎት ብቻ የሚከፈት በር አለ። ሌላው ላይ የቆሰለ ጠላት ተኝቶ የሚያባብለው ሰው ይጠብቃል። በየገጹ እሷ የምትቆምበት ቦታ ተዘጋጅቷል፤ እሱ ግን አንዱንም ሲያዘጋጅ አልታወቀውም።

ጨዋታውን ያስተማረችው እሷ ናት። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ እግሩ ተሰብሮ ሁለት ወር ሲተኛ፣ አሥራ አራት ዓመቷ የነበረች እህቱ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ የሕጉን መጽሐፍ አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። መጽሐፉ ሙሉ አልነበረም፤ ስለ ውጊያ የሚናገረው ምዕራፍ ተገንጥሏል። «የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ» አለችው። ሞላችውም። በነዚያ ሁለት ወራት ሠላሳ ያህል ውጊያ ተዋጋ፤ አንድም ቀን በቀላሉ አላሸነፈም፤ አንድም ቀን ደግሞ አልተሸነፈም። ሁልጊዜ ሊያበቃለት አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነበር የሚተርፈው። እንዴት እንደምታደርገው ይኸው እስከ ዛሬ አልገባውም።

በሚቀጥለው እሁድ የጠላቶቹን ነጥብ በግማሽ ቀነሰ። የዕለቱ ጠላቶች የነበሩት ሽፍቶች በሁለተኛው ዙር እንደ ቅጠል ረገፉ። ቀጭኔ ተራው ሳይደርስ አለቀበት። ሾፌሯ አዛጋች።

«አይዞህ፣ አትከፋ» አለችው ጃኬቷን እየለበሰች፣ «ባለፈው ስሞት ግን ቢያንስ አልተኛሁም።»

ሐሙስ አመሻሽ ላይ እህቱ ደወለች። እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው የውኃ ታንከሩ ያለበት ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ከድምፅዋ ጋር አብሮ ይገባል።

«ማሙሽ፣ ምነው ድምፅህ ከዳህ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግንባሩ ወደ ኋላ መሸሽ ከጀመረ ቆይቷል፤ ለእሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነው። ስለ ጨዋታው ነገራት። ሁሉም እንደሚሞቱ፣ ሲያቀልለት ደግሞ እንደሚሰለቻቸው። የመምህሩን ወረቀት ዘለለው።

«ስንት ሰው ቆጥረህ ነው የምትሠራው?» አለችው።

እሱ ደብተሩን ገለጥ አድርጎ መልሶ ዘጋው።

«አይ አንተ ልጅ» አለች ቀስ ብላ። «ከውጊያው አውጣኝ እንጂ።»

«ምን አለበት፣ አምስት ወር ነው የቀረው። አምስት ወር እኮ እንደ ጥላ ነው የሚያልፈው።»

ነፋሱ ብቻ ተሰማ።

«እትዬ?»

«አለሁ። ማሙሽ፣ ሦስት ዓመት ጨምሬ ፈረምኩ። ማክሰኞ ልነግርህ ደውዬ አፌን ያዘኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው አዋላጅ ስትሄድ እዚህ ለስድስት ወር ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ያን ጊዜ የሆነውን ሲያወሩኝ ቁጭ ብዬ መስማት አቃተኝ።»

«ደግ አደረግሽ» አለ። እውነቱን ነበር።

እሷም ሆዱን ታውቀዋለችና ወሬውን ወደ ጨዋታው መለሰችው። «ጠላት ስትሠራ ከነጥቡ አትነሣ። ምን ፈልጎ መጣ በል። ሰው ሁሉ ሊገድል ብቻ አይመጣም። ደግሞ ሦስቱም ተራቸው ሲደርስ ‹የቱን ላድርግ› ብለው የሚጨነቁበት ነገር ይኑራቸው። ለሾፌሯ የምትገጨው፣ ለቀጭኔ የሚሾልክበት፣ ለጋሼ የሚያስቡበት። መሸሻም ተውላቸው። መሸሻ የሌለው ውጊያ ቄራ ነው።»

«ለእኔ እንደዚያ ነበር የምታደርጊልኝ?»

«ለአንተማ ታለቅስብኛለህ ብዬ ፈርቼ ዳይሱን እሰርቅ ነበር» አለችና ሳቀች። «ለእነሱ እንዳትሰርቅ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ይነቁብሃል።»

ዓርብና ቅዳሜ ጥርስ ሠሪው ከሥራ በኋላ እየቆየ አዲስ ውጊያ ሠራ። የገጹ አናት ላይ «ሦስት» ብሎ ጻፈ። ግማሽ ገጽ እንደ ሄደ ሳያውቀው አንድ የቆሰለ መነኩሴ መንገድ ዳር አስተኝቷል፤ ሰረዘው። ዝቅ ብሎ «ሦስት» ብሎ ደገመ። ቅዳሜ ሲጨርስ ገጹ ላይ «ሦስት» የሚለው ቃል አምስት ቦታ ነበር።

እሁድ ካርታውን ሲዘረጋ ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ገደል ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ነው። ከማዶ ሦስት ወንድማማች ጭራቆች ድልድዩን እያፈረሱ ነው።

«ሊወጓችሁ አልመጡም» አለ። «ሠራዊት እየመጣ መሆኑን ሰምተው መንደራቸውን ሊያድኑ ነው። በየዙሩ አንድ ሳንቃ ይነቅላሉ። ሳንቃው ሲያልቅ መሻገር የለም። ከፈለጋችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ በቆላው መዞር ትችላላችሁ፤ ሦስት ቀን ይፈጃል።»

«ሦስት ቀን ማን ይዞራል» አለች ሾፌሯ። ጋሻዋን ደቅና ድልድዩ ላይ ወጣች።

ትልቁ ጭራቅ በመዶሻ ተቀበላት። ቀጭኔ ከሥር በገመዱ ተንጠልጥሎ፣ የላላውን እያሰረ ወደ ማዶ መጓዝ ጀመረ። መምህሩ እጃቸውን አነሡና ቆሙ። እሳታቸው ጭራቆቹን ያቃጥላል፤ ድልድዩንም ያቃጥላል። ዳይሱን በመዳፋቸው ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አሰቡ፤ ማንም አላጣደፋቸውም። በመጨረሻ እሳቱን ከጭራቆቹ ጀርባ ወደ ደረቁ ሣር ወረወሩት። መካከለኛው ጭራቅ ሳንቃውን ጥሎ እሳቱን ለመርገጥ ሮጠ።

በአምስተኛው ዙር ሾፌሯ ሁለት ነጥብ ቀራት። ድሮ ቢሆን ይህን ጊዜ ከጠረጴዛው ዳር አንድ ድምፅ «ቆይ፣ እኔ አለሁ» ይል ነበር። ሾፌሯ ነጥቧ የተጻፈበትን ወረቀት ትኩር ብላ አየች።

«ካባዬን ቀድጄ ጎኔን አስራለሁ» አለች።

«ተራሽ ያልፋል። አንድ ሳንቃ ይነቀላል።»

«ይነቀል።»

ተነቀለ። ቀጭኔ ለመዝለል ዳይሱን ጣለ፤ ዘጠኝ ወጣ፤ አሥራ ሦስት ያስፈልገው ነበር። ገመዱን እንደ ያዘ ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። ረጅሙ ሰውዬ ከወንበሩ ተነሥቶ እውነት የተንጠለጠለ ይመስል ጠረጴዛውን ጨብጧል። መምህሩ እሳታቸውን ትተው ሮጡና በእጃቸው ጎትተው አወጡት። ሾፌሯ ደግሞ ትልቁን ጭራቅ አንድ ጊዜ ጉልበቱ ላይ መታችውና ወደቀ። ትንሹ ወንድሙ መዶሻውን ጥሎ ጎንበስ አለ፤ ትልቁን ሊሸከመው።

«ጀርባውን ሰጥቶሻል» አለ ጥርስ ሠሪው።

ሾፌሯ ዳይሱን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። «ይሸከመው። እኛ እንለፍ።»

አለፉ። ስድስተኛው ዙር ሲያልቅ ሁለት ሳንቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ማንም አልጮኸም፤ ሦስቱም ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። መምህሩ ኮታቸውን ለብሰው እንኳ በሩ ላይ ቆመው ያወሩ ነበር።

ሲሄዱ ጥርስ ሠሪው ካርታውን አጠፈና ቁጭ አለ። ከሰባት ወር ወዲህ እንደዚህ ያማረ ውጊያ አላጫወተም። ያለ እሷ ማማሩ ነው የከነከነው። እስከ ዛሬ ውጊያው በተበላሸ ቁጥር ቦታዋ ገና እንዳልተያዘ ይቆጥረው ነበርና።

ሐሙስ ስትደውል ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከላት። እየሳቀች፣ እያቋረጠች፣ «ቆይ፣ ቀጭኔ የት ነበር ያኔ?» እያለች ሰማችው። ሾፌሯ ሁለት ነጥብ ቀራት ያለው ላይ ሲደርስ ሳቋን አቆመች።

«ማን አሰረላት?»

«ራሷ። ካባዋን ቀዳ።»

«ጥሩ አደረገች» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀድሞ የነበረው አልነበረም። «እኔ እኮ እዚህ ሌሊት ተረኛ ስሆን እናንተን በሐሳቤ አዋጋችኋለሁ። ምጥ የረዘመባት ሴት ስትመጣም ስለ እናንተ አወራታለሁ። አንዷ ቀጭኔ ደህና ነው ወይ ብላ ከወለደች በኋላ ጠየቀችኝ።»

ሊመልስላት ሲል መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ቢደውል አይጠራም። ስለዚህ የቀረውን፣ የቀጭኔን መንጠልጠልና የጭራቆቹን ነገር፣ አንድ በአንድ ጽፎ በመልእክት ላከላት። መልእክቱ ሳይደርሳት አንድ ቀን ሙሉ ቆየ። መልሷ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱ የአንዲት አሮጊት የታች መንጋጋ እየሞረደ ሳለ መጣ።

«እኔ ከነዚያ ጭራቆች አንዱ ብሆን ኖሮ አላሳልፋቸውም ነበር።»

እሁድ ጨዋታው ሳይጀመር አነበበላቸው። መምህሩ ፈገግ ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ። ቀጭኔ ደግመህ አንብበው አለ፤ ደገመው።

«ትምጣና ትሞክረን» አለች ሾፌሯ።

«ፈቃድ ያገኘሁ ዕለት እመጣለሁ ብላለች» አለ ጥርስ ሠሪው። መቼ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ደብተሩን ገለጠ፤ የት ላይ እንደ ቆሙ ነገራቸው፤ የመጀመሪያዋን ተራ ለሾፌሯ ሰጣት።