ተቆርጦ የወጣው ጥያቄ

ስልኩ ሲጮህ የልብስ ሰፊዋ ሁለቱም እጆች በቅባት ርሰው ነበር። በክርኗ ነካ አድርጋ አነሳችውና ድምፁን ከፍታ የቅባት ብልቃጦቹ መሃል አስቀመጠችው።

"ሄሎ፣ የፀጉር ቅባት የሚሸጡት እርስዎ ነዎት?" አለች አንዲት ሴት። "ይቅርታ፣ ድምፅዎ ሌላ ሆነብኝ። በድምፅ መልእክት የላኩልኝ እንዲህ አልነበረም።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። የመልእክቱ ድምፅ የታላቅ እህቷ ነው። እህቷ ደግሞ ከተቀበረች ወራት አልፈዋል። ቅባቱን አንድ ብላ የጀመረችው፣ እያፈላች በጨርቅ የምታጠልለው እሷ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሸራ አልብሳ ይህን ሥራ የተረከበችው የሟቿ ልጆች ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ብላ ነው።

"እህቷ ነኝ" አለች። "ምን ልታዘዝ?"

"ልጄ ራሷን ቆስላ ፀጉሯ ረግፎ ነበር። እሳቸው 'ጠይቁኝ፣ እኔው ራሴ እመልሳለሁ' ሲሉ ሰማሁና፣ ቁስል ላይ ይሆናል ወይ ብዬ ጻፍኩ። በመልሱ ፈንታ ቅናሽ መጣልኝ፤ ዛሬውኑ ይዘዙ የሚል። ባይሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር ብዬ ገዝቼ ቀባኋት። ስትጮህ ዋለች። ጤና ጣቢያ አጥበውላት አሁን ተሽሏታል። ለመጣላት አይደለም የደወልኩት፣ እህቴ። ለሌላው ሰው ንገሩ ልላችሁ ብዬ ነው።"

ብትሰድበኝ በተሻለኝ፣ አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ። ይቅርታ ጠየቀች፣ የልጅቷን ስም ጠየቀች፣ ደግማ ይቅርታ ጠየቀች። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ቅባቱ ዝንጅብል አለበት፤ ቁስል ያቃጥላል። ለዚህም ነበር ታላቅየዋ እህት፣ ገዢዋ ጎረቤቷ እንኳ ብትሆን፣ ሳትጠይቅ የማትሸጠው። "ራስሽ ላይ ቁስል አለ? ሽፍታስ?" ትል ነበር። አለብኝ ያለቻትን፣ ገንዘቡን ተቀብላም ቢሆን፣ ብልቃጡን ከእጇ ላይ ትነጥቃታለች። "መጀመሪያ ታከሚ። ቅባቴ የትም አይሄድም" ትላለች።

ልብስ ሰፊዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ጓዳው ገባች። ታናሽ ወንድሟ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ቤተሰቡ "ቻርጀር" ይለዋል፤ የትም ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት ሶኬት ስለሚፈልግ።

"መልእክቶቹን አሰማኝ" አለችው።

"የትኞቹን?"

"የእትዬን። ደንበኛ መጀመሪያ ከሚደርሰው ጀምረህ።"

መልእክቶቹ በራሳቸው የሚላኩበትን ሥርዓት የዘረጋው እሱ ነው፣ ታላቅየዋ በሕይወት እያለች። ያኔ ቅባት መገልበጫውን፣ አፈ ሰፊ ጭራ ቀጭኑን የፕላስቲክ ዕቃ፣ አንስቶ ነበር ያስረዳቸው። "ሽያጭ ማለት ይኼ ነው። ከላይ ፀጉር አያያዝ የምታሳይ ቪዲዮ በነፃ እንለቃለን፤ ብዙ ሰው ይገባል። የወደደ ስልኩን ይተውልናል። ከዚያ በየቀኑ የእትዬ ድምፅ ይደርሰዋል። ከታች፣ በጠባቧ በኩል፣ ገዢው ይወጣል።" ታላቅየዋ ስቃ ዕቃውን ከእጁ ነጠቀችውና "ሳይጠለል የገባ ግን ጭራው ላይ ይደፍናል፣ ወንድምዓለም" ብላ ነበር። የመጀመሪያው መልእክት የቁስሉ ጥያቄ ይሁን ያለችውም እሷ ናት።

ቻርጀር አዝራሩን ተጫነ። "የኔ ቆንጆ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አለ የእህታቸው ድምፅ። ልብስ ሰፊዋ የበሩን መቃን ያዘች። ሁለተኛው መልእክት ስለ አቀባቡ ነው። ሦስተኛው "ጠይቁኝ፣ እኔው ራሴ እመልሳለሁ" ይልና ቅናሹ ይከተላል።

"ጥያቄውስ?"

"የቱ ጥያቄ?"

"አታውቀውም? የቁስሉ ነዋ። በመሃል ያሳላት።"

ያ ጥያቄ የተቀዳ ቀን ውሃ ይዛላት የቆመችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። በሽታው በርትቶባት ስለነበር ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ሳሉ ጣላት። ቻርጀር እንደገና እንቅዳው ሲል፣ "ተወው፣ ሳሉም የኔው ነው" አለችው።

"አወጣሁት" አለ ቻርጀር ዞር ሳይል።

"ለምን?"

"እዚያ ጋ ሲደርስ ሰው ይመለሳል። ከገባው ግማሹ የሚጠፋው ጥያቄው ላይ ነው። ካወጣሁት ወዲህ ሽያጩን አይተሽዋል።"

"የሚጠፉት እንዲጠፉ ነው እኮ የተጠየቁት!" ጮኸች። "አንዲት ልጅ ራሷ ተቃጥሎ ስትጮህ ዋለች፣ ሰማህ? እናትየዋ ጽፋ ጠይቃለች። የጻፈችውን ማን አነበበው?"

"ትዕዛዝ ያለበትን ብቻ ነው የማየው። ሁሉንም አንብቤ እዘልቀዋለሁ?"

"'እኔው ራሴ እመልሳለሁ' እያስባልካት?"

ቻርጀር ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "የልጆቿን ትምህርት ቤት በምን ልትከፍይ ነው? በዚያች ሸራ ለባሽ መኪናሽ? እኔ ነኝ ቀን ከሌት እዚህ የተጣድኩት። ምስጋናው ቀርቶብኝ..."

"በልጆቿ አትሸፈንብኝ። እናታቸው ብልቃጥ ከሰው እጅ ስትነጥቅም ልጆች ነበሯት።"

ቻርጀር ተመልሶ ተቀመጠ።

"ደግሞ ሳሉ..." አለ ቻርጀር ዝቅ ባለ ድምፅ። "በሰማሁት ቁጥር ኮምፒውተሩን ትቼ እወጣለሁ።"

"እኔስ?" አለችው። ቢያሳዝናትም ንዴቷ አልበረደም። "ውሃውን የያዝኩላት እኔ አይደለሁም? አሁን መልሰው። ከነሳሉ መልሰው።"

"የለም።"

"ምን ማለት ነው የለም?"

"አጥፍቼዋለሁ።"

እጇ ሲነሳ ለራሷም ታወቃት። በጥፊ ልትለው ነበር። መልሳ በሽርጧ ጠቀለለችው። እህቷ እየታነቀች የቀዳችው፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ብላ፤ ሰው ቀነሰብኝ ተብሎ ተጠረገ። ጥርሷን ነክሳ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳች።

"'ጠይቁኝ' የምትለዋን አውጣት" አለች። "ከመቃብር መልስ አይላክም። የኔን ቁጥር አድርግበት። የሚጽፈው ሰው ሁሉ ለኔ ይድረሰኝ፤ እየሰፋሁም ቢሆን አነበዋለሁ። ጥያቄውን ደግሞ እኔ እቀዳዋለሁ።"

"ያንቺን ድምፅ ማንም አያውቀውም እኮ። ገዢ ይሸሸናል፣ እታለም።"

"ይሽሻ።"

መቅጃውን ተጫነች።

"ይሄን ቅባት የሠራችው እህታችን አርፋለች" አለች። "የምናገረው ታናሿ ነኝ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ራሳችሁ ላይ ቁስል..."

ሲቃ ያዛት። ቻርጀር ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

"ቆይ፣ ከመጀመሪያው በይው። ይቺን እቆርጣታለሁ።"

"እጅህን ሰብስብ" አለችው። ትንፋሿን ስባ ቀጠለች፦ "ቁስል ወይም ሽፍታ ካለ አትግዙ። መጀመሪያ ታከሙ። ቅባቱ የትም አይሄድም።"

መቅጃውን አቁማ ስልኩን ሰጠችው።

"ከሁሉም በፊት አስገባው።"

"ከነሲቃው?"

"ከነሲቃው" አለችና ብልቃጦቿ ጋ ተመለሰች።