በግንቦት የመጣ ይቅርታ

ብርነሽ እባላለሁ፤ ሳይኮሎጂ ተምሬ ሰው ማማከር እንጀራዬ ነው። ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል። ዛሬ ግን የምሰድበው ራሴን ነው።

ሶዶ ውስጥ የምሠራበት ኮሌጅ ተማሪዎች የልባቸውን በስልክ እንዲጽፉልን መስመር ከፍቷል። መልእክቱ ሲበዛብን የኮምፒውተሩ ሰው ዘሩባቤል ስሜት የሚለይ ፕሮግራም ሠራ። ያዘኑትን ወደ ላይ ያወጣል፣ እኛ ቶሎ እንደውላለን፤ ደህና የሆኑት ከታች ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙ የሚማረው ደግሞ ከእኔ ነው። ዘሩባቤል ሦስት ሺህ የድሮ መልእክት ሰጠኝና እያንዳንዱን «ሐዘን» ወይም «ደህና» እያልኩ ምልክት አደረግኩበት።

አብዛኞቹ የመስከረም ነበሩ። በመስከረም እኛ ወላይታዎች ጊፋታ አለብን፤ ተጣልቶ አዲስ ዓመት የሚሻገር የለም። ስለዚህ «ይቅር በሉኝ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ» የሚለው መልእክት ለእኛ ሳይቀር እንደ ጉድ ይጎርፋል። ሁሉንም «ደህና» አልኩት። እያነበብኩ ደስ ይለኝ ነበር፣ እኔ ጅሏ።

ግንቦት ላይ ረድኤት የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጻፈች፦ «ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ። እኔ በማንም ቂም የለኝም።» ፕሮግራሙ «ደህና» ብሎ ከታች አስቀመጣት። እንዳስተማርኩት ነው ያደረገው፤ ምን ይፈረድበታል? በግንቦት ማን ጊፋታ ያከብራል? ያለ ወሩ ሁሉንም ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሊሰናበት ይሆናል፤ ይህን የተማርኩት ገና በመጀመሪያ ዓመቴ ነው። እኔ ግን ከላይ ላሉት ስደውል ወደ ታች ሳልወርድ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ረድኤት ራሷን አጠፋች።

ዘሩባቤል «ጥፋቱ የጋራችን ነው» አለኝ። የጋራ ጥፋት የሚባል ነገር አልወድም፤ ሰው የሚሸሸግበት ጓዳ ነው።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ እናቷ እትዬ ፈጠነች ልብሷን ሊወስዱ ከተበላ ከተማ መጡ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ቢሮዬ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ አልነኩትም።

«ልጄ ጽፋላችሁ ነበር አሉኝ።»

መልእክቷን አነበብኩላቸው።

«መቼ ደረሳችሁ?»

«ሰኞ ጠዋት።»

«የሞተችው ረቡዕ ነው» አሉኝ፣ እንደማላውቅ ሁሉ።

ስለ ፕሮግራሙ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለእሳቸው ይህ ምናቸው ነው?



«ማክሰኞ እዚሁ ሶዶ ገበያ ነበርኩ» አሉ። «ብትደውሉልኝ በእግሬ እደርስላት ነበር።»