ዱካኬን በማሽን ያዙት

ዱካኬን በማሽን ያዙትኮ! ማርያምን! ያ ደረቴ ላይ ወጥቶ ሚጫነኝ፣ ዓይኔ እያየ ጣቴን እንኳ እንዳላንቀሳቅስ ሚያደርገኝ ነገር፣ ሞጣ ሆስፒታል ስክሪን ላይ መስመር ሆኖ ሲጥመዘመዝ ታየ! ሰው ሁሉ "ቅዠት ነው፣ በጀርባሽ ስለተኛሽ ነው" ሲለኝ ነበር እኮ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሞጣ ላንድ ጥናት የመጣ ማሽን አለ ተባለ። ስትተኚ የአንጎልሽን ሞገድ ይለካና፣ የዱካክ መድኃኒት ገና አፍሽ ሳይገባ ይስማማሽ አይስማማሽ ይገምታል። እኔ ደግሞ መተኛት እየፈራሁ ሰው መምሰል ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ከሆስፒታሉ በስልክ "ፀጉሯን ታጥባ፣ ምንም ሳትቀባ ትምጣ" ብለው ነበር። እማዬ ግን "ሐኪም ፊትማ ተንጨብርረሽ አትቀርቢም! የቢቸና ሰው ማበጠሪያ የለውም እንዲሉን ነው?" ብላ ሹሩባ አሠርታ በለጋ ቅቤ አጥለቀለቀችኝ።

ሞጣ ስንደርስ ሽቦ ምትለጥፈው ሲስተር ዘይዳ ጭንቅላቴን ነካ አድርጋ ጣቷን አየች።

"እናቴ፣ ልጅቷን ለምርመራ ነው ያመጧት ወይስ ለጥብስ?"

በሳቅ ሞትኩ! እማዬ አልሳቀችም። "ቅቤ ለራስ መድኃኒት ነው" አለች።

ሹሩባዬን ፈተው በሳሙና ፈተጉኝ። በቀኝ በኩል ግን ሽቦው እየተንሸራተተ አስቸገረ። እንደምንም ለጠፉትና ተኛሁ። ከዚያ መጣ! ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ፣ ደረቴ ላይ እሱ። ሲስተር ዘይዳን እያየኋት "ድረሺልኝ" ማለት አቃተኝ። ሲለቀኝ የእማዬን ክንድ ይዤ አለቅም አልኩ።

ዶክተር ባንተአምላክ ስክሪኑን አሳዩን።

"በግራ በኩል ጥርት ብሏል። እንዲህ ዓይነት ሞገድ ያላቸው አብዛኞቹ በዚህ መድኃኒት ተሽሏቸዋል። የቀኙ ግን ተበላሽቷል። የአንጎልሽ ይሁን የቅቤው፣ አላውቅም።"

"ግምቱ ከተሳሳተስ?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ሰሞን ዱካኩ ሊብስብሽ፣ ቆይቶም ሊለቅሽ ይችላል። ካልለቀሽ መድኃኒቱን እናቆመዋለን። ካልሆነም ሳትውጪ ጠብቂ፤ ማሽኑ ክረምት ሲወጣ ይመለሳል፣ እንደገና እንለካሻለን።"

ከሁሉም "ሊብስብሽ" ያሉት ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከዚህ የባሰ ምን አለ? ትንፋሼ እኮ ነው ሚያጥረኝ!

እማዬ የሰጡንን ኪኒን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቢቸና እስክንደርስ ያዘችው። የቀሚሴን ቀለም እንኳ እሷ ናት ምትመርጥልኝ። ቤት ስንገባ ግን፣ "ጸድዬ፣ እኔማ በቅቤዬ አበላሸሁት። ጭንቅላቱ ያንቺ ነው፣ አንቺው ወስኚ" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ይሄ ደግሞ ከዱካኩ በላይ አስፈራኝ።

አሁን እየመሸ ነው። ኪኒኗ መዳፌ ላይ ናት፣ በላቤ መሟሟት ጀምራለች። ብውጣትና ያ ነገር አልለቅሽም ቢለኝስ? ባልውጣት ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ዱካኩን ስጠብቅ ላመሽ ነው? እማዬ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነው። በናታችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ትውጧት ነበር?