የእባቡ ፎጣ

ልጅቷ ለትምህርት ስትሄድ እባቧን ለልብስ ተኳሽ እናቷ በአደራ ትታ ሄደች። አንድ ቀን የእባቡ ዓይን ደፈረሰ።

«ቆዳ ሊቀይር ነው እማዬ» አለች ልጅቷ በስልክ። «ሳጥኑ ከደረቀ አሮጌው ቆዳ ዓይኑ ላይ ይጣበቅና ይታወራል።»

እባቡ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን መለኪያ እርጥበቱ ሰባ በመቶ ነው ይላል። ሴትዮዋ ግን ሠላሳ ዓመት ልብስ ስትተኩስ እርጥቡን ከደረቁ የለየችው በጣቷ ነው። መሐረብ ነክራ፣ ጨምቃ ሳጥኑ ውስጥ አኖረች። ሰዓት ሳይሞላ ክው ብሎ ደረቀ።

«ውሸታም!» አለችው መለኪያውን።

እርጥበቱ የሚያመልጠው በሳጥኑ ወንፊት መሰል ክዳን ነበር። እኩሌታውን በእርጥብ ፎጣ ሸፈነች፤ እንዳይሻግት ሌላውን ለአየር ተወች። ፎጣውን ጠዋት ማታ እየነከረች መለሰችው።

«ሰው እባብ ሲያይ ዱላ ያነሳል፤ የኔዋ ፎጣ!» አለ ባሏ በር ላይ ቆሞ።

«አንተ እዚያው ሆነህ ፍራ። እኔ የልጄን አደራ አልበላም።»

በስድስተኛው ቀን ቆዳው እንደ ካልሲ ተገልብጦ ሳይቀደድ ወጣ። መነጽሯን አድርጋ አየችው፤ የሁለቱም ዓይን ሽፋን አብሮ ወጥቷል። ወዲያው ደወለች።

«ዓይኑ ጠርቶ ቁልጭ ቁልጭ እያለ ነው። ያንን መለኪያሽን ግን ጥዬዋለሁ።»