የእኔው ከሥሩ ነው

ኛዌች ስዕል የምትሠራው ወለል ላይ ተንበርክካ ነው። ወፍራሙን ወረቀት መጀመሪያ በውሃ ታርሰዋለች፤ ከዚያ የውሃ ቀለሟን ትለቅበታለች። ቀለሙ ሳይደርቅ ጥቁር የጽሕፈት ቀለም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጠብ ጠብ ታደርግበትና ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወዲህ ወዲያ ታዘነብለዋለች። ጥቁሩ በእርጥቡ ውስጥ እንደ ሣር ሥር እየተሰነጣጠቀ ይሄዳል። አንዳንዴ ጨው ትነሰንስበታለች፤ አንዳንዴ ቅጠል ጭናበት ታሳድረዋለች። ምን እንደሚወጣ ቀድማ አታውቅም፤ የምትወደውም ይህንኑ ነው።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ኛሩዋይ ነርስ ስትሆን ስሪንጁን የምታመጣላት እሷው ናት። እያመጣችላትም "ሰው ጨው የሚጨምረው ወጥ ላይ ነው" ትላታለች።

አቶ አሸብር የሚባሉ ነጋዴ ባሮ ዳር ሎጅ ሲያሠሩ ለእንግዳ መቀበያው ትልቅ ስዕል እንድትሠራላቸው ጠየቋት። "ተፈጥሯችንን የሚያሳይ፣ በአገሩ ልጅ እጅ የተሠራ" ነበር ያሉት። ኛዌች በደስታ ተቀበለች። ያደገችው ባሮ በየክረምቱ በሚያጥለቀልቀው ማታር አካባቢ ስለሆነ ምን እንደምትሥል ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። ባሮ ሞልቶ ሣሩ ውስጥ ሲገባ ሣለች። ቀለሙን የበጠበጠችው ከወንዙ ራሱ በቀዳችው ድፍርስ ውሃ ነበርና ሲደርቅ ደቃቁ አሸዋ ወረቀቱ ላይ ቀረ። በጣት ሲነኩት ይሻክራል። ስትጨርስ በቀኙ ጥግ ስሟን በጥቁር ጻፈች።

አቶ አሸብር ስዕሉን ቀረብም ራቅም እያሉ አዩት።

"ጨርሰሽዋል?"

"ጨርሻለሁ።"

"ምን ልበልሽ ልጄ... እንግዳ ይሄን ሲያይ ግድግዳውን እርጥበት መታው ነው የሚለው።"

"ጎርፍ ነው፣ ጋሽ አሸብር።"

"ጎርፍነቱማ ገባኝ። ቆርኬው የታለ? ሰው ጋምቤላ የሚመጣው ነጭ ጆሮ ቆርኬ አያለሁ ብሎ ነው። ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ብታደርጊበት፣ አንዲት ታንኳ ጣል ብታደርጊበት..."

"ጎርፍ ሲመጣ ቆርኬ ቆሞ አይጠብቅም። ሰውም አይጠብቅም። እኔ የሣልኩት ሁሉም ሄዶ ውሃው ብቻውን ሲቀር ነው።"

"ትንሽ ብትጨምሪበት ምን አለበት?"

"አልጨምርም።"

አቶ አሸብር ፈገግ አሉ። "ይሁን፤ እዚሁ ተይው።" ዋጋውንም ከፈሏት፤ ኛዌች የተስማሙ መሰላት።

ሎጁ በሚመረቅበት ቀን አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። አዳራሹ በእንግዳ ተሞልቷል። ስዕሉ ከእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ በላይ ተሰቅሎ ስታይ መጀመሪያ የሌላ ሰው ሥራ መሰላት። መሐሉ ላይ ሁለት ቆርኬዎች ቆመዋል። ከኋላቸው እንደ እንቁላል አስኳል የደመቀች ፀሐይ አለች። ከታች ጦር የያዘ ሰው ታንኳ ላይ ቆሟል። ሁሉም በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም የተሠራ ነው። ገና ስላልደረቀም መስታወት አልተደረገበትም። በዳርና ዳሩ ብቻ የእሷ ውሃ ትንሽ ትንሽ ይታያል። በቀኙ ጥግ ስሟ እንዳለ ነው።

ቀለሙን አወቀችው። የፀሐይዋ ዙሪያ በከተማው ሥጋ ቤት ታፔላ ላይ ያለው ቀይ ነው። የከተማውን ታፔላ አብዛኛውን የጻፈው ቶሚ ነው፤ ዘወር ስትል በሩ ጋ ቆሞ አየችው። አንገቱን ደፋ።

አቶ አሸብር ንግግራቸውን ጨርሰው፣ "ይህን ውብ ስዕል የሠራችልን የራሳችን ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ትበለን" ብለው ማይኩን ሰጧት። ተጨበጨበ።

ኛዌች ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ይሄ ስዕል የእኔ አይደለም" አለች። "የእኔው ከሥሩ ነው።"

አንዳንዱ ሳቀ። አቶ አሸብር ቶሎ ብለው፣ "ከልቤ የሠራሁት ነው ማለቷ ነው" አሉ።

"አማርኛዬ አልተሳሳተም" አለች ኛዌች። "እኔ የሣልኩት ውሃ ነው። ፀሐዩንም ቆርኬውንም ሳይነግሩኝ ያስጨመሩት እሳቸው ናቸው። ስሜን ግን አላነሱትም።"

አቶ አሸብር ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ "ገዝቼዋለሁ እኮ! የእኔ ነው፤ የፈለግሁትን አደርገዋለሁ" አሏት ጥርሳቸውን ነክሰው።

"ልክ ነው፣ የእርስዎ ነው። ስሜን ግን አልሸጥኩልዎትም።"

ማይኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው፤ አልዘጋችውም። ተንጠራርታ የስዕሉን ቀኝ ጥግ ያዘችና ቀደደችው። ወፍራም ወረቀት ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ በማይኩ ገብቶ አዳራሹን ሞላው። ስሟ ያለበትን ቁራጭ በጡጫዋ ጨብጣ በእንግዶቹ መሐል አልፋ ወጣች። ያስቆማት ሰው አልነበረም።

ማግስቱን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስጠራት። "አቶ አሸብር ለትምህርት ቤታችን ወንበር የሰጡ ሰው ናቸው። ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው" አላት።

"ምን ብዬ?"

"በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ ብለሽ።"

"እሳቸው እኔን በግድግዳቸው ላይ ነው ያዋረዱኝ። እሳቸው ከጠየቁኝ እጠይቃለሁ" ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ኛሩዋይ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። "ከሥራ ያባርሩሻል! ለአንድ ወረቀት ብለሽ?" ኛዌች አዲስ ወረቀት ማራስ ጀምራለች።

ቶሚ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከበሩ ሳያልፍ፣ "ቲቸር፣ ሥራ ነው ብለው ሰጡኝ፤ አንቺ የፈቀድሽ መስሎኝ ነው" አለ።

"ስሜን አይተኸው ነበር?"

"አይቼዋለሁ።"

"ቤቴንስ ታውቀዋለህ?"

ቶሚ በጫማው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረገ።

"መጥተህ ልትጠይቀኝ ትችል ነበር። አሁን ግባ፤ ፀሐይ ላይ አትቁም።"

ገብቶ ስትሠራ ተቀምጦ አየ። ጥቁሩ በወረቀቱ ውስጥ ሲሮጥ፣ "እጅሽ ሳይነካው?" አለ።

እሑድ ከሰዓት ኛዌች ያሏትን ስዕሎች በሙሉ ተሸክማ ወደ ባሮ ወረደች። ከሎጁ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሰው ማታ ማታ የሚንሸራሸርበት ዳርቻ ላይ በሁለት ማንጎ ዛፎች መሐል የልብስ ገመድ ወጠረች። ስዕሎቹን በመቆንጠጫ ሰቀለቻቸው። የተቃጠለ ሣር አለ፤ ከአልዌሮ ግድብ ውሃው ሸሽቶ የተሰነጠቀው ጭቃ አለ፤ ጎርፉም እንደገና ተሥሏል። ሰው ቆም ቆም ማለት ጀመረ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ጭንቅላቱን አዘንብሎ ያያል። ኛሩዋይም መጣች። የተንጋደዱትን ታቃና ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ሙዎች የሚባለው የሎጁ ጥበቃ መጣ። "እህቴ፣ አቶ አሸብር የሎጁን ፊት አበላሸች፣ ታንሳ ብለዋል።"

"ዳርቻውንም ገዝተውታል?"

"እኔ እንጃ።"

"እንግዲያው ጠይቃቸውና ተመለስ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ሙዎች ሄደ፤ አልተመለሰም። ሰማዩ ግን ጠቆረ። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ወዲያው ትልልቅ ጠብታ መጣል ጀመረ። ሰው ከማንጎው ሥር ተሸጎጠ። ኛሩዋይ መቆንጠጫውን ለመንቀል ሮጠች።

"ተይው!" አለች ኛዌች።

"አበድሽ? ሊጠፋልሽ ነው እኮ!"

"ከዚህ አንሺ የሚለኝ በዝቷል። አላነሳም።"

ዝናቡ ወረደ። ቀለሙ ገመዱ ሥር ባለው አፈር ላይ እየተንጠባጠበ ሄደ። አንዱ ስዕል ነጭ እስኪሆን ታጠበ፣ አንዱ መሐሉ ተበጥሶ ወደቀ። ኛዌች በዝናቡ ውስጥ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ካባራ በኋላ ሰዉ ተጠጋ። የተቃጠለው ሣር ስዕል ላይ፣ ጠብታ በወደቀበት ሁሉ ጥቁሩ ተከፍቶ ነጫጭ ዐይን አውጥቷል። አንዲት ሳፋ የተሸከመች ሴት፣ "ቅድም ጥቁር ብቻ ነበር። አሁን ሊበቅል ነው" አለች።

"እሷ ምን ሠራች? ዝናቡ ነው የሠራው" አለ አንድ ሰው።

"አብረን ነው የሠራነው" አለች ኛዌች ፀጉሯን እየጨመቀች። "አንተ ማንጎው ሥር ነበርክ።"

ሰዉ ሳቀ፤ ሰውዬውም ሳቀ። የተቃጠለውን ሣር ስዕል ግን ያቺ ሴት ለምና ወሰደችው።

አቶ አሸብር ይቅርታ አልጠየቁም፤ እሷም አልጠየቀች። ርእሰ መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ሰላምታ ነፈጋት፤ ከሥራ ግን አላባረራትም። ኛዌች እሑድ እሑድ ገመዷን መወጠሯን ቀጠለች።

አንድ እሑድ ቶሚ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ መጣ። ስሪንጅ ገዝቶ ራሱ ሞክሮታል። ዘረጋችውና ረጅም ጊዜ አየችው።

"መጥፎ ነው" አለች።

ቶሚ ሳቀ። "አውቃለሁ፤ ግን ማንም ያዘዘኝ አይደለም።"

ኛዌች ከኪሷ ሁለት መቆንጠጫ አውጥታ ሰጠችው። "ራስህ ስቀለው" አለችው።