ስም የማይጠራበት ስብሰባ

«እሱ አይጠየቅም» ብሎ የኮሚቴው የሕግ አማካሪ እንደገና ሲያቋርጣት ነርሷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሯ፣ አንድ አባት ሰሞኑን ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ቆሞ የፈታችውን ሚስቱን እንደሚጠብቅ፣ ግራ እጁም በፋሻ እንደተጠቀለለ ተናገረች። ነርሷ «በያጅ ነው?» አለች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

በሰፈሩ የጸጥታ ኮሚቴ ደንብ ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም የሚያሰጋቸውን ሰው ጉዳይ ለፖሊስ ያቀርባሉ፤ ስም መጥራትም ሆነ ማንነትን የሚያሳውቅ ነገር መጠየቅ ግን ክልክል ነው። ጥንቃቄ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። የክሊኒኩ «አንድ ታካሚ» ሚስቱን እገድላለሁ ብሎ ዝቷል፣ ግን የት እንዳለች አያውቅም ተብሎ ታለፈ። የትምህርት ቤቱ «አንድ ወላጅ» በር ላይ ይቆማል፣ ግን ዝቶ አያውቅም ተብሎ ታለፈ። ያን ፋሻ ያሰረችው ነርሷ ራሷ ናት፤ ዛቻውንም የሰማችው የብየዳ ቃጠሎውን ስታጥብለት ነው።

«ሰውየው አንድ ነው» አለች።

የፖሊስ ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። «መቆም ወንጀል አይደለም። የዛተውን ሰው ስም ስጡኝና አሁኑኑ ልሂድ።»

«ሕጉ እኮ በሩን ጨርሶ አልዘጋም» አለ አማካሪው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ዋና ሐኪሙ አደጋው ቅርብ ነው ብለው በጽሑፍ ካረጋገጡ ይቻላል። ያለዚያ ግን የሥራ ፈቃድሽን ትነጠቂያለሽ እህቴ። መከሰስም አለ።»

ዋና ሐኪሙ የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው። ደወለችላቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው። አማካሪው «ሐኪሙ እስኪመለሱ ጉዳዩ በይደር ይያዝ» አለ። ነርሷ ደሟ ፈላ። ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚያች የሥራ ፈቃድ ነው፤ ይህን የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ምክትሏ በበኩሏ ሰዓቷን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ተማሪዎቹ ሊለቀቁ ነው፤ እናትየውም ልጇን ልትወስድ መንገድ ላይ ናት።

ነርሷ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞራ የበያጁን ስም ከነአባቱ ተናገረች።

አማካሪው ወረቀቶቹን ሰብስቦ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ።

«እንግዲያው ልድገምልዎት» አለችና ስሙን ከነአያቱ፣ ቀስ ብላ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ጠራችው። ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።